«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ስለ አረሙ ነው ወይ?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ላይ ያለው እምቦጭ የሚባለው አረም ነቀላ በተነሳ ቁጥር «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ሲባል እሰማለሁ። ተረቱ ስለ አረሙ የተነገረ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። የምታውቁ ብታስረዱን። አረሙንስ በዚህ ተረት መግለጽ ተገቢ ነው?

ከደብረ ማርቆስ፦ ልጄ፣ ተረቱ ይቀድማል። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ተረቱን ግን እኛ ከእናቶቻችን አፍ ሰምተን ነው ያደግነው። እምቦጭ የውሃው ድምፅ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ያለ እህል ዘነዘና ሲያርፍበት ይደቅቃል፤ ውሃ ግን እምቦጭ ብሎ መልሶ ይገጥማል። ስለዚህ ቢመክሩት ለማይሰማ ሰው፣ ቢለፉበት ለማይለወጥ ነገር ይነገራል።

ከመራዊ፣ የባዮሎጂ መምህርት፦ ጋሼ፣ ስለ ተረቱ ያሉት ልክ ነው። አረሙ ላይ ሲነገር ግን እኔ አልቀበለውም። የተወቀጠ ውሃ አይቀንስም፤ የተነቀለ እምቦጭ ግን ይቀንሳል። መታየት ያለበት ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው።

እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በዚህ አካሄድ አንድ ጥማድ የሸፈነው በ10 ሳምንት 32 ጥማድ ይሸፍናል። እንዲህ እየተባዛ ግን ለዘላለም አይቀጥልም። ቦታው ይጠበዋል፣ እርስ በርሱ ይጋረዳል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ያንሰዋል። የቤልጂጉ የሒሳብ ሊቅ ቬርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ይህንን በቀመር አስቀምጦታል። ወላጁ ጥቂት ሲሆን የሚወለደውም ጥቂት ነው፤ አካባቢው የሚችለውን ያህል ሲሞላ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ሲደርስ፣ ጭማሪው ይቆማል። ከሁሉ የበለጠ የሚጨምረው መሐል ላይ፣ የጣሪያውን ግማሽ በያዘ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዘመቻችንን በዚህ እዩት። ሞልቶ የቆመውን አረም ግማሹን ነቅለን ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ለቀሪው ቦታና ብርሃን ለቅቀንለት፣ እጅግ የሚበረታበት ደረጃ ላይ አድርሰነው ነው የምንሄደው። ሰው «ከንቱ ለፋን» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት እስኪቀር ተነቅሎ፣ የቀረው ደግሞ በየጊዜው እየተመላለሱ ቢለቀም ግን ውጤቱ ሌላ ይሆናል። መመላለሱ የግድ ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ተባረኪ ልጄ። አንድ ነገር ላክልበት። «ረባ» የምንለው ከግዕዙ «ረብሐ» የመጣ ነው፤ ማትረፍ፣ መጠቀም ማለት ነው። «ከብቱ ረባ» ስንል በዛ፣ «ይህ ልጅ አይረባም» ስንል አይጠቅምም ማለታችን ነው። አባቶች መብዛትንና መጥቀምን ያገናኙት ለከብትና ለእህል አስበው ይመስለኛል። ስለዚህ እኔ ለአረም «ረባ» አልልም። «ተንሰራፋ» ወይም «ወረረ» ይሻላል።

ከዳንግላ፦ መምህርት፣ «ጣሪያ» ያልሽው በመማሪያ መጻሕፍት «የመሸከም አቅም» የሚባለው ነው አይደል? እሱ ራሱ ከፍና ዝቅ ይላል?

ከመራዊ፣ የባዮሎጂ መምህርት፦ አዎ፣ እሱው ነው። ከፍም ዝቅም ይላል፤ እኛን የጎጃም ሰዎች የሚመለከተን ይህ ይመስለኛል። አረሙ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ ብዙዎቻችን የጎንደር ጉዳይ አድርገነዋል። ግልገል አባይ ግን ከሰከላ ተነስቶ ወደ ጣና የሚገባ ትልቁ ገባር ነው፤ በክረምት የማሳችንን አፈርና ማዳበሪያ ይዞ ይወርዳል። ለሐይቁ ምግብ በጨመርን ቁጥር ጣሪያውን ከፍ እያደረግንለት ነው። ስለዚህ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከንም የነቀላው አካል ነው።

ሌላው ገደብ ጠላት ነው። እምቦጭ በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የሚበሉት ጢንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት አሉት፤ እዚህ ሲመጣ ያለ እነሱ መጣ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነዚህን ጢንዚዛዎች ለቅቀው ነበር፤ አረሙ እንዲመናመን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እነሱ ናቸው።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ነቀላ በማዘጋጀው ጥሪ ላይ ተረቱን አስገብቼው ነበር፤ አወጣዋለሁ። በቦታው «ጥቂት እስኪቀር ይነቀል፣ የቀረውም በየሳምንቱ ይለቀም» ብዬ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ «ተንሰራፋ» የሚለውንም ከእርስዎ ወስጃለሁ።