የዓይን ሌዘር ልሠራ ወይስ ልተወው? ሁለት ሐኪሞች ሁለት የተለያየ ነገር ነገሩኝ

ባለመነጽሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። መነጽር ማድረግ የጀመርሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሁን 26 ሆኖኛል። ሩቅ ማየት አልችልም፤ ቀኝ ዓይኔ ማይነስ 5.50፣ ግራው ማይነስ 6.00 ነው። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ መነጽሬ ካስቀመጥሁበት ቦታ ከወደቀ ወለሉን በእጄ እየዳበስሁ እፈልገዋለሁ። በሥራ ቀን ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ፤ ሲመሽ ግን ዓይኔ ይቀላል፣ ይቆረቁረኛል።

ባለፈው ወር ለሌዘር ቀዶ ሕክምና ልመረመር ሄድሁ። በመጀመሪያው ቦታ ሌንሴን እዚያው አውልቄ ተለካሁ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ለላሲክ ብቁ ነሽ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንሥራልሽ» አሉኝ። የሄድሁበት ሁለተኛ ሐኪም ግን ውጤቱን አይቶ «ኮርኒያሽ ሳሳ ያለ ነው፣ 502 ማይክሮን፤ የግራው ቅርጽም አላማረኝም። ሌንስ ሳታደርጊ ቆይተሽ ተመለሺ» አለኝ። ገንዘቡን ለሁለት ዓመት ነው ያጠራቀምሁት። ማንን ልመን? የተሠራችሁም፣ ሳትሠሩ የቀራችሁም እባካችሁ ንገሩኝ።

የዓይን መርማሪ

እህቴ፣ እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፤ ቀዶ ሕክምናውን አልሠራም፣ ሰዎችን ግን ከመሠራታቸው በፊትና በኋላ እለካለሁ። ዓይንሽን ሳላይ ብቁ ነሽ ወይም አይደለሽም ማለት አልችልም። ከነገርሽን ተነሥቼ ግን ሁለተኛው ሐኪም የያዘው መንገድ ትክክል ነው እላለሁ።

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን ነው። ኮንታክት ሌንስ ይህን ሽፋን እየተጫነ ቅርጹን ሊለውጠው ይችላል። ሌንሱን አውልቀሽ ወዲያው ስትለኪ መሣሪያው የሚያነበው በሌንሱ የተጫነውን ቅርጽ ነው፣ የራስሽን አይደለም። ስለዚህ ለስላሳው ሌንስ ከምርመራው በፊት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ደግሞ ከዚያ በላይ ለሆኑ ሳምንታት ይወልቃል። በተሳሳተ ልኬት ላይ ሌዘር ቢሠራ ከኮርኒያው የተነሣው ነገር ተመልሶ አይተካም። «ሌንስሽን መቼ አወለቅሽ?» ብሎ ሳይጠይቅ ቀጠሮ የሚሰጥ ቦታ እኔን ያስፈራኛል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የኮርኒያ መካከለኛ ውፍረት 540 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በላሲክ መጀመሪያ ከላይ ስስ ክዳን ይከፈታል፤ 110 ማይክሮን ነው እንበል። ቀጥሎ ሌዘሩ ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) በግምት 15 ማይክሮን ያነሣል፤ ለስድስት ዳዮፕተር 90 ይሆናል። ከ502 ላይ 200 ሲቀነስ 302 ይቀራል። ከሥር መቅረት ያለበት ዝቅተኛ መጠን ተብሎ የተለመደው 250 ስለሆነ በዚህ ያለፍሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ 200 ከ502 ሲታይ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ ብዙ ሐኪሞች መጠንቀቅ የሚጀምሩት እዚሁ ላይ ነው። ቅርጹ ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ ዳር ላይ ነሽ ማለት ነው። ቅርጹ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ የቁጥሩ ማለፍ ብቻውን አያድንም።

የሚፈራው ኤክታዚያ የሚባለው ነው። የተዳከመው ኮርኒያ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት እያበጠ ይሄዳል፤ እይታውም በተራ መነጽር በደንብ የማይስተካከል ይሆናል። ከላሲክ በኋላ እንደሚከሰት በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በጣም ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ኬራቶኮነስ፣ ማለትም ኮርኒያ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት በሽታ ጅማሬ ያለበት ሰው ላይ ግን አደጋው ከፍ ይላል።

ሦስት ነገር ንገሪኝ፦ ባለፈው አንድ ዓመት ቁጥርሽ ተለውጧል? ዓይንሽን ታሻለሽ? ከቤተሰብ ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው አለ?

ባለመነጽሯ

ከቤተሰብ የማውቀው የለም። የግራ ዓይኔ ባለፈው ዓመት 5.25 ነበር። ማሸቱን በተመለከተ፣ አለርጂ ስላለብኝ አዎ፣ በተለይ ማታ ሌንሱን ካወለቅሁ በኋላ አጥብቄ አሻለሁ። ይህን ሁለቱም ቦታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ከዓይን ሌዘር ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም።

የዓይን መርማሪ

በደንብ ይገናኛል። አዘውትሮ ዓይንን ማሸት ከኬራቶኮነስ ጋር ተያይዞ የሚታይ ነገር ነው። በዓመት 0.75 መጨመሩም ቁጥርሽ ገና አልረጋም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው በዓመት ውስጥ ከ0.50 ያልበለጠ ለውጥ ነው። ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሪው። ከዛሬ ጀምረሽ ደግሞ ማሸቱን ተዪ፤ ሲያሳክክሽ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር በተዘጋው ዓይንሽ ላይ አድርጊ፣ ለአለርጂው ጠብታ እንዲያዝልሽም ጠይቂ።

የሌሊት ሹፌር

እኔ በላሲክ ከተሠራሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ ሲመረምረኝ የሰንጠረዡን የመጨረሻ መስመር አነብባለሁ፤ በመዝገብ ላይ የተሳካልኝ ሰው ነኝ። ሌሊት ግን ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዙሪያውን ጸዳል ሠርቶ ይታየኛል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ፣ ቀስ በቀስ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ዓይኔም ይደርቃል፤ ክዳኑ ሲከፈት የኮርኒያ ነርቮች ስለሚቆረጡ ነው ብለው አስረዱኝ። አብዛኛው ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይሻለዋል፤ እኔ እስካሁን ጠብታ ከኪሴ አይጠፋም። ሌንሱ ሲመሽ የሚቆረቁርሽ ዓይንሽ አስቀድሞ ደረቅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የእንባሽን መጠንና ጥራት ሳያስለኩ እንዳትሠሪ፤ እኔን የለካኝ አልነበረም።

በፒአርኬ የተሠራች

የእኔ ቁጥር 4.25 ነበር፤ ኮርኒያዬ ስስ ስለነበረ ክዳን የማይከፈትበትን ፒአርኬ መረጡልኝ። የላይኛው ስስ ቆዳ ይነሣል፣ ሌዘሩ ይሠራል፣ ቆዳው በራሱ ተመልሶ እስኪያድግ መከላከያ ሌንስ ይደረጋል። እህቴ፣ ስለ ሕመሙ እውነቱን ልንገርሽ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እንባዬ ሲወርድ ነው ያለፈው። የስልክ ጽሑፍ ለማንበብ ከሳምንት በላይ ወሰደብኝ፤ እይታዬ ሙሉ በሙሉ የጠራው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከሥራ አስቀድመሽ ፈቃድ ውሰጂ፣ የሚያበስልልሽና ጠብታ የሚያደርግልሽ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። እኔ ዛሬ ደስተኛ ነኝ። ዝናብ ላይ ስሄድ መስታወት መጥረግ መቅረቱ ብቻ አሁንም ያስደንቀኛል።

ባለመነጽሯ

እየሠሩ ሳለ ዓይኔን ባንቀሳቅስስ? ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው።

በፒአርኬ የተሠራች

ሽፋሽፍትሽን የሚይዝ መሣሪያ ስለሚደረግ መጨፈን አትችይም፤ ዓይንሽ በጠብታ ይደነዝዛል። ሌዘሩ የዓይንን እንቅስቃሴ ይከተላል፤ በጣም ከራቀ ራሱ ያቆማል። የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ይሸትሻል፣ አትደንግጪ። ለእኔ ለእያንዳንዱ ዓይን የሌዘሩ ሥራ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ የተሠራሁት በ44 ዓመቴ ነው። ሩቁን አየሁ፣ አመሰገንሁ። ግን በወራት ውስጥ መጽሐፍ ከፊቴ እየራቀ ሄደ። ቀድሞ ፈተና ሳርም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ነበር የማነበው፤ ከሌዘሩ በኋላ ያ ቀረ፣ የንባብ መነጽር ገዛሁ። ከ40 በኋላ የሚመጣውን የቅርብ እይታ መድከም ሌዘሩ አይከለክለውም። ለአንቺ ገና ብዙ ዓመት አለ፤ ቢሆንም መነጽር ለዘላለም ይቀራል ያለሽ ካለ አትቀበዪው።

ሌላው፣ ስትሠሪ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተለካውን ሁሉ በወረቀት ተቀበዪና አስቀምጪ። ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ሊያወጡልኝ ሲሉ የሚተካውን ሌንስ ለማስላት ያንን የድሮ ልኬት ጠየቁኝ፤ በሌዘር የተስተካከለ ኮርኒያ የተለመደውን ስሌት ያዛባል። እኔ ጥዬው ነበርና ሥራው እስኪጣራ ተጉላላሁ። የዓይን ግፊትም ኮርኒያው ሲሳሳ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ከቤተሰብ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ካለ ይህን አትርሺ።

አንድ አንባቢ

ስማይል የሚባለውስ? ክዳን የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ።

የዓይን መርማሪ

እውነት ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ከውስጥ ስስ ቅርፊት ይወጣል፣ የሚቆረጠው ነርቭም ያንሳል። ከኮርኒያ የሚነሣ ነገር ግን አለ፤ ቅርጹ ከተጠረጠረ ስማይልም ፒአርኬም መልስ አይሆኑም። ኮርኒያን ሳይቀንሱ ዓይን ውስጥ ሌንስ መትከልም አለ፤ እሱ ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀዶ ሕክምና በመሆኑ የራሱ አደጋ አለው፣ በዓይን ውስጥ በቂ ቦታ መኖሩም ይለካል። እህቴ፣ በየትኛውም ብትሠሪ ዓይንሽ ከኋላ ረዘም ያለ እንደሆነ ይቀራል፤ የሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ምርመራ አይቀርልሽም። ድንገት የብርሃን ብልጭታ ወይም የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ከበዛብሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

ባለመነጽሯ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሌንሱን አንድ ቀን እንኳ አላደረግሁም። ቀኙ ተስተካክሎ ተገኘ። የግራው ግን ታችኛው ክፍል አሁንም ከላይኛው ይበልጥ ሾል ያለ ነው። ሐኪሙ «ኬራቶኮነስ ነው ብዬ መወሰን አልችልም፤ ጤነኛ ነው ብዬም ሌዘር አልነካውም» አለ። ለአለርጂው ጠብታ አዘዘልኝ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይለካኛል፣ እየባሰ ከሄደ ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና እንዳለም ነገረኝ። ወጥቼ አለቀስሁ። ማታ ላይ ግን የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሰረዝሁ። መምህር፣ ልኬቶቼን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጡረተኛው መምህር

ጎበዝ ልጄ። ካጠራቀምሽው ላይ ጥቂቱን አውጥተሽ ቀለል ያለ፣ መስታወቱ የሳሳ ጥሩ መነጽር አሠሪ።

የዓይን መርማሪ

በስድስተኛው ወር በዚያው መሣሪያ ተለኪ፤ ከሌላ ዓይነት መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከዓይንሽ ይሁን ከመሣሪያው አይታወቅም። እስከዚያ ሌንስ ከመለስሽም ሐኪምሽ የሚልሽን ያህል ሳምንት አስቀድመሽ አውልቂው።