የትምህርት ቤት ኳየርን በቧንቧ ኦርጋን ማጀብ፤ ከፒያኖ ለመጣ ሰው ምን ትላላችሁ?

እናት_ከሃምቡርግ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የልጄ ትምህርት ቤት ኳየር ለገና ሰፈራችን ባለው ቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት አለው። ፒያኖ እንደምጫወት የሰማችው አስተማሪ «አጅቢልን» አለችኝና እሺ አልኩ። እዚያ ያለው ግን የቧንቧ ኦርጋን ነው፤ ሁለት ኪቦርድ፣ ከእግር ስር ሌላ አንድ፣ ዳርና ዳር ደግሞ 16፣ 8፣ 4 የተጻፈባቸው የሚጎተቱ እጀታዎች። ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው፣ ድምፃቸው ስስ ነው፣ እንዳልውጣቸው ፈርቻለሁ። ከምን ልጀምር?

ባለፔዳሉ፦
እህቴ፣ ከጥቂቱ ጀምሪ። እጀታውን ስትጎትቺ የራሱ ቧንቧዎች ይከፈታሉ፤ ቁጥሩ ከቧንቧው ርዝመት የመጣ ነው፣ በጫማ። 8 ኖታውን እንደተጻፈው ያሰማል፣ 4 አንድ ኦክታቭ ከፍ፣ 16 አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያደርገዋል። ጀርመን «ገዳክት 8» የሚል እጀታ (ጫፋቸው የተደፈነ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ቧንቧዎች) ብዙ ቦታ አታጪም፣ ለልጅ ድምፅ እሱ ብቻውን ይበቃል። ዜማው ካመለጣቸው ለስለስ ያለ 4 ጨምሪበት። ሚክስቱርና ትሮምፔተ የሚሉትን ደማቅና ኃይለኛ ድምፅ ያላቸውን እጀታዎች ሕዝቡ አብሮ ለሚዘምርበት መጨረሻ አቆያቸው። ቁልፉን ጠንክረሽ ስለመታሽው ድምፁ አይጨምርም፣ የፒያኖ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ የሚያቆይ ፔዳልም የለም፤ ጣትሽ ሲነሳ ድምፁ ይቋረጣል፣ ስለዚህ ቁልፉን ሳትለቂ ጣት መቀየር ተለማመጂ። የእግሩን ነገር ጊዜ ከሌለሽ ተይው፣ ቤዙን በግራ እጅሽ ያዢ፣ ማንም አይቀየምሽም።

ሶፕራኖዋ፦
እኔም ልጨምር። ኦርጋኑ ከኋላ ሰገነት ላይ፣ ልጆቹ ፊት መሠዊያው ጋ ከሆኑ ተጠንቀቂ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ 30 ሜትር ርቀት ካለ መዝሙራቸው አንቺ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ እሱን ሰምተሽ ከተከተልሽ ያንቺው ደግሞ ሌላ ያህል ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፣ እንዲህ እየተጎተተ መዝሙሩ ይሞታል። በጆሮሽ ሳይሆን በዓይንሽ ሂጂ፣ የመሪዋን እጅ በመስታወት እያየሽ። ግጥሙንም እየተጫወትሽ በአፍሽ በይው፤ እነሱ በሚተነፍሱበት ቦታ እጅሽን ብድግ አድርጊ። ኦርጋን ትንፋሽ አያጥረውም፣ ልጆቹን ግን ያጥራቸዋል።

እናት_ከሃምቡርግ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም! ሚዛኑን ለማወቅ ልምምዱን በስልክ ብቀዳው ይሆናል?

ባለፔዳሉ፦
ስልክ ብዙ ጊዜ ጮክ ያለውን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው አያሳይሽም። መሃል ወንበር ላይ ሰው አስቀምጪ፤ የልጆቹን ቃል ለይቶ ካልሰማ አንድ እጀታ መልሺ። ቫዮሊን የሚጫወት ልጅ ካለ ደግሞ ቤቱ ከሞቀ በኋላ ከኦርጋኑ ጋር ይቃኝ፣ አየሩ ሲሞቅ የቧንቧው ቃና ከፍ ይላል።