እርከን ላይ ምን ዛፍ ይሻላል? (ምሥራቅ ጎጃም፣ 2,450 ሜትር)

ባለማሳው
ሰላም ለሁላችሁ። ግማሽ ሄክታር ተዳፋት ማሳ ነው። አራት የአፈር እርከን አለው፣ እያንዳንዱ 60 ሜትር። የላይኞቹ ሁለቱ ቀይ አፈር ላይ ናቸው፤ የታችኞቹ ግን ዋልካ ላይ ስለሆኑ ነሐሴን ሙሉ ውሃ ይተኛባቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። የሚፈለገው መኖም ማገዶም የሚሆን፣ አፈሩን የማይጎዳ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ አትበሉኝ፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው እስከ አሥር ሜትር ድረስ ጤፉን አቀጭጮታል። ሰስባኒያ ወይስ ትሪ ሉሰርን? ችግኙስ መቼ ይፈላ?

ደጋ አብቃይ
ለላይኞቹ ሁለት እርከኖች ትሪ ሉሰርን ነው፣ አያከራክርም። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ ይወዳል፣ ቀላል ውርጭም ይችላል። ውሃ በተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳልና ዋልካው ላይ አታስበው። በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ ረድፍ ከሆነ 120 ሜትር ላይ 240 ችግኝ ይገባል። ለመተኪያ 50 ጨምረህ 290 አፍላ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ዘሩ ላይ ነው። ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ከተዘራ ገሚሱ ሳይበቅል ይቀራል። ውሃ አፍላ፣ ከእሳት አውርድ፣ ከዚያ ዘሩን ጨምረህ እስከ ማግሥቱ እዚያው ይቀዝቅዝ። እሳት ላይ እያለ ከጨመርከው ቀቀልከው ማለት ነው። ያበጠውን ዝራ፣ ያላበጠውን ለይተህ በአዲስ ሙቅ ውሃ ድገመው። ጊዜው ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ በየፕላስቲክ ቱቦው ሁለት ሁለት ፍሬ አድርግና ሲበቅል ደካማውን ንቀል። ለቱቦው 3 እጅ የጫካ አፈር፣ 2 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ።

ችግኝ ጣቢያ
ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ትሪ ሉሰርን በአካባቢው ተተክሎ የማያውቅ ከሆነ፣ ከቆየ የትሪ ሉሰርን ዛፍ ሥር ጥቂት አፈር አምጥተህ ከቱቦው አፈር ጋር ቀላቅል። ከአየር ናይትሮጅን ሰብስበው ዛፉን የሚመግቡት ባክቴሪያዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው አንድ ችግኝ ሠውተህ ሥሩን አጥበህ እይ፦ ትንንሽ እባጮች ታገኛለህ። በጥፍርህ ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠሩም።

ሥሩ ቱቦውን አልፎ መሬት እንዳይዝ በየሦስት ሳምንቱ ቱቦውን እያነሳህ ከታች የወጣውን ቁረጥ። ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብለህ ጥላውን አንሳ፣ ውሃውንም ቀንስለት። ጉድጓዱ 30 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ቀደም ብሎ ይቆፈር። ዝናቡ ሲረጋ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከል። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቅ! ታቹን ብቻ ቀድዶ የሚተክል አለ፤ ሥሩ እዚያው ይጠማዘዝና ዛፉ በሁለተኛው በጋ ይደርቃል።

ጥማድ
ለዋልካው ሰስባኒያ ይሁን። ውሃ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ሚያዝያ ላይ ቢፈላም ይደርሳል።

ደጋ አብቃይ
@ጥማድ ውሃውንስ ይችላል፣ ውርጩን ግን አይችልም። ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ የሚያርፈው እዚያው ታች ነው፤ በ2,450 ሜትር የመጀመሪያው ታኅሣሥ ይፈጀዋል። እኔን ብትሰማ የታችኞቹን እርከኖች በፋላሪስ ሳር ሸፍናቸው። ውርጭም እርጥበትም ይችላል፣ እርከኑንም ያጸናል።

ጥማድ
እሺ፣ ውርጩን ሳላይ ነው የመለስኩት። ውርጭ የሌለበት ማሳ ላለው አንባቢ ግን ይሁን፦ ሰስባኒያ ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች አይቆረጥ፣ ቅጠሉም ሙሉ በሙሉ አይራቆት፣ ይሞታል። ዕድሜውም አጭር ነው። ሥሩ ላይ ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) ስለሚራባ ከቲማቲምና ከድንች አጠገብ አይተከል። ቅጠሉም ለዶሮ አይሰጥም፣ መርዝ ነው።

ባለማሳው
እግዜር ይስጥልኝ። ትሪ ሉሰርኑ መቼ ይቆረጣል? ዲከረንስስ (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት) እንዴት ነው? ሁሉም እሱን እያነሳ ነው።

ችግኝ ጣቢያ
ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሲደርስ፣ ማለትም ዓመት ገደማ ላይ፣ አንድ ሜትር ላይ ቁረጠው፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት አራት ወሩ። በስለታም መጋዝ ሰያፍ አድርገህ ቁረጥ፣ ልጡ ከተላጠ ጉቶው ይበሰብሳል። ቅጠሉን አንድ ቀን አጠውልገህ ከገለባ ጋር ስጥ፣ ከመኖው ሲሶ አይብለጥ። ከምንም በላይ የሚያጠፋው ግን አዝመራ ከተነሳ በኋላ የሚለቀቀው ከብት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ካላጠርክ ወይም ከጎረቤት ጋር ካልተስማማህ ባትጀምረው ይሻላል። ፍልፈልም ሥሩን ይበላል፤ ችግኙ ያለ ምክንያት ሲጠወልግ ሥሩን ቆፍረህ እይ።

ዲከረንስ የእርከን ዛፍ አይደለም። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ እንደሚሠራው፣ መጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ተተክሎ፣ ከዚያ ሳር ታጭዶበት፣ በአራት አምስት ዓመቱ ለከሰል ተቆርጦ መሬቱ ወደ እህል የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ማሳውን በሙሉ ይይዝብሃል። አሁን ደግሞ የቅጠል ዝገት በሽታ ገብቶበታልና ሌላ መሬት ከሌለህ በእሱ ላይ አትወራረድ።