ከስዊዝ በኋላ፦ የጦር አጋር የሚታረቀው በይቅርታ ነው ወይስ በጥቅም?

አወያይ፦ በ1956 (በፈረንጆች) እንግሊዝና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ተመሳጥረው፣ ስዊዝ ቦይን በወረሰችው ግብፅ ላይ ዘመቱ። ለአጋራቸው ለአሜሪካ ትንፍሽ አላሉም፤ እሷም ፊት ነሳቻቸው። እንዲህ የሻከረ ወዳጅነት በምን ይጠገናል? ደሴዎች፣ ኮምቦልቾች፣ እስኪ በሉ።

የሸዋ በሩ፦ በጥቅም! ፓውንድ ሲንገዳገድ አሜሪካ ድጋፏን ያዘች፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤደን ጦሩን አስቆመ፣ በጃንዋሪ 1957 ሥልጣን ለቀቀ። ተተኪው ማክሚላን በማርች ቤርሙዳ ላይ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከአይዘንሃወር ጋር ተቀመጠ፤ ሚሳይል ተፈቀደለት። በ1958 ደግሞ የኑክሌር ምስጢር የሚካፈሉበትን ውል ተፈራረሙ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ይቅርታው የቱ ጋ ነው?

የቦርከናዋ፦ ወንድሜ፣ ውል ተፈረመ ማለት ቁስሉ ሻረ ማለት አይደለም። ኤደን እኮ ፈረንሳይ ውስጥ ሴቭር ላይ ሦስቱ በምስጢር የተፈራረሙት ወረቀት እያለ፣ እስራኤል እንደምትወጋ አስቀድሜ አላወቅሁም ብሎ ፓርላማ ፊት ክዷል። እኛ ወሎ አበጋር፣ አስታራቂ ሽማግሌው፣ ደም ሲያደርቅ በዳዩ ጥፋቱን በአፉ ሳያምን ካሳ አይቆጠርም። ፈረንሳይን እያት። አሜሪካ ስትከዳት፣ እንግሊዝም መሀል መንገድ ላይ ጥላት ስታቆም ቂሙን ያዘች። በ1960 የራሷን ቦምብ ሞከረች፣ በ1966 ከኔቶ የጦር እዝ ወጣች፤ የተመለሰችው በ2009 ነው። ስንት ዓመት ነው ይሄ!

የሸዋ በሩ፦ የፈረንሳይ ነገር እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ግን እንግሊዝም አላመነችም፣ ሆኖም ታረቀች። ሰው ቀየረች እንዳትዪኝ፤ ማክሚላን ራሱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ለዘመቻው ሲገፋ ነበር።

የቦርከናዋ፦ እሱን አልክድም። ግን በውሸት የተጀመረ እርቅ ልቤ አይቀበለውም።

ጋሼ ሾፌር፦ ልጆቼ፣ ይህንን ነገር የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አሰብ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቦዩ ሲዘጋ ቀይ ባሕር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ያኔ ለወራት ተዘግቶ መርከቡ ሁሉ አፍሪካን ዞሮ ነበር የሚሄደው። ደግሞ አገራችን ከዳር አልቆመችም። ጦርነቱ ሳይነሳ፣ በሴፕቴምበር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከሌሎች አራት አገሮች ልዑካን ጋር ካይሮ ወርደው የግብፁን መሪ ናስርን አነጋግረዋል፤ ሳይሰምር ቀረ እንጂ። እናንተ የምትከራከሩት አጋሮቹ እንዴት ታረቁ እያላችሁ ነው። አበጋር ግን የሚያስቀምጠው በዳይና ተበዳይን ነው። ቤርሙዳ ላይ ለግብፅ ወንበር ነበራት? የግብፅ ወደብ ፖርት ሰይድ ላይ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበትን ሰውስ ማን ጠየቀው?