ዴንዘል ዋሽንግተን የተሸለመው በተሳሳተው ፊልም ነው?

ባለ ጥያቄው፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የኦስካር መራጮች የጥቁር አሜሪካውያንን መብት ታጋይ ሆኖ በተወነበት «ማልኮም ኤክስ» የታጨውን ዴንዘልን አልፈው ሽልማቱን ለአል ፓቺኖ ሰጡ። በ2002 በ«ትሬኒንግ ዴይ» ሙሰኛ ፖሊስ ሆኖ ሲመጣ ግን በመሪ ተዋናይነት ሸለሙት። ታጋዩን ሲሆን ዝምታ፣ ወሮበላውን ሲሆን ጭብጨባ! እኔ ይህን ፍትሕ አልለውም። በ«ማልኮም ኤክስ» ውስጥ፣ በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም ጎዳና የተሰለፉትን ሰዎች ቃል ሳይተነፍስ በእጁ ምልክት ብቻ ሲያሰናብት ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግለታል?

ነባር ተመልካች፦ ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ሂሳብህ ግን ጎዶሎ ነው። «ግሎሪ»ን የት ጣልከው? የመጀመሪያ ኦስካሩን በ1990 በረዳት ተዋናይነት ያገኘው፣ ከባርነት አምልጦ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተሰለፈ ወታደር ሆኖ ነው። ሲገረፍ ፊቱ ንቅንቅ አይልም፤ አንዲት ዕንባ ብቻ በጉንጩ ላይ ትወርዳለች። እሱም ወሮበላ ነበር? ፓቺኖም ቢሆን ከዚያ ዓመት በፊት ስድስት ጊዜ ታጭቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። የቆየ ዕዳ ተከፈለው።

ባለ ጥያቄው፦ ጋሼ፣ የአንዱ ዕዳ ከሌላው ኪስ ይከፈላል እንዴ? ይኸው የዴንዘልም ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በሌላ ፊልም ተከፈለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በመሪ ተዋናይነት ከሲድኒ ፖይቲየር ቀጥሎ ያሸነፈ ጥቁር ወንድ እሱ ነው፤ በመካከላቸው 38 ዓመት አለ። ይህንንም አጋጣሚ ሊሉት ነው?

የቴአትር ተማሪዋ፦ ሁለታችሁም መራጮቹን ስትከስሱና ስትከላከሉ ትወናውን ረሳችሁት። የ«ትሬኒንግ ዴይ»ን መጀመሪያ ደግማችሁ እዩ። ምግብ ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አዲሱ ባልደረባው ወሬ ሲጀምር ዝም ያሰኘዋል፤ ቆይቶ «ንባቤን ካቋረጥከኝ እንግዲያው ታሪክ ንገረኝ» ይለዋል። ገና ምንም ወንጀል አልሠራም፤ እኛ ግን እየሳቅን ፈርተነዋል። ክፉ ሰውን እንዲህ አስወድዶ መጫወት ቀላል ነው ያለ ይሞክረው! እኔ የምቆጨው በ«ፌንስስ» ነው። በ2010 በኒው ዮርኩ ብሮድዌይ መድረክ ተጫውቶት የቶኒ የቴአትር ሽልማት ወሰደበት፤ በ2016 ራሱ አዘጋጅቶ በፊልም ሠራው። ልጁ «ለምን አትወደኝም?» ሲለው የሚመልስለትን የፒትስበርግ ቆሻሻ ሰብሳቢ አስታውሱ። ኦስካሩን ግን ኬሲ አፍሌክ ወሰደው።

ነባር ተመልካች፦ ልጄ፣ በ«ፌንስስ» ሙግት የለኝም። ባለ ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሣኝና ትናንት ማታ «ማልኮም ኤክስ»ን ደግሜ አየሁት፤ 202 ደቂቃ ነው፣ ባለቤቴ መሐል ላይ ጥላኝ ተኛች። መጀመሪያ ላይ ፀጉሩን ለማለስለስ የተቀባው ኬሚካል ሲያቃጥለው የሚጮኸው ጎረምሳና ኋላ መካ የሚደርሰው ሰው፣ አካሄዳቸው እንኳን አይገናኝም። የፓቺኖን ዕዳ በሌላ ዓመት ይክፈሉት ነበር።

ባለ ጥያቄው፦ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም።