ባለ ሦስት ድርብ የሞተር ጃኬት ለብሼም በሰበስኩ፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ረጅም መንገድ
ሰላም ወገኖች። ለረጅም ጉዞ ብዬ የገዛሁት የሞተር ጃኬት አለኝ። ከላይ ወፍራም የፖሊስተር ጨርቅ፣ መሀል ውሃ የማያስገባ ስስ ገበር፣ ከውስጥ ደግሞ ሙቀት የሚይዝ ገበር። ሁለቱም ገበሮች በዚፕ ይወልቃሉ። «ለበጋም ለክረምትም» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ባለፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዶፍ ላይ ነዳሁ። መጀመሪያ ደህና ነበርኩ። ኋላ ጃኬቱ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፣ ብርዱም አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ስደርስ ሁለቱም እጄ እስከ ክርኔ ርሷል፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ላሽቋል። በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ በላብ ተቀቀልኩ። የማይረባው ጃኬቱ ነው ወይስ እኔ አልቻልኩበትም? ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ዝናብ ያየ
ወንድሜ፣ ለመግዛት አትቸኩል። ነገሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ውሃ የሚከለክለው ገበር ከውስጥ ስለሆነ የላዩ ጨርቅ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ገበሩ ውሃውን ያቆመዋል፣ ብርዱን ግን አያቆመውም። እርጥብ ጨርቅ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ውሃው እየተነነ ሙቀትህን ይዞት ይሄዳል። ኪሱም ከገበሩ ውጭ ነው፤ ወረቀትህ ቢላሽቅ አይገርምም።

ላሚኔትድ የሚባሉ አሉ። እነሱ ላይ ጎሬቴክስም ሆነ ሌላ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ከላዩ ጨርቅ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ውሃ አይጠጡም፣ አራግፈህ ትገባለህ። ግን ዋጋቸው አይቀመስም፣ ሙቀት ሲመጣም ሽፋኑ አይወልቅልህም።

እኔ የማደርገው ምን መሰለህ? ውሃ መከላከያውን ገበር ከነጭራሹ ትቼው ሰፋ ያለ የዝናብ ልብስ ከጃኬቱ በላይ እደርባለሁ። ሰማዩ ሲጠቁር ቆም ብዬ ሁለት ደቂቃ ነው። ገበሩን ለማስገባት ግን መንገድ ዳር ጃኬቱን ማውለቅ አለብህ። ከእጅጌው ጋር ስትታገል ዝናቡ ይደርስብሃል።

መልስ፦ መርፌና ክር
ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ሞተርም እነዳለሁ። እጅህ የራሰበት ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። የሹራብህ ወይም የሙቀት ገበሩ እጅጌ ከውሃ መከላከያው አልፎ ከወጣ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ነው፤ ውሃውን ከጫፉ እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል። አንገት ላይም እንዲሁ ነው። የጥጥ ሻርፕ አንዴ ከራሰ ደረት ድረስ ያወርደዋል።

ከመገመት ግን ሞክረው። ገበሩን ብቻ አውጣና አንዱን እጅጌ ጫፉ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰረው። ውሃ ሙላበትና አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ከውጭ ስፌቱን በደረቅ ሶፍት ዳስሰው። ሶፍቱ ከራሰ ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ተልጧል ማለት ነው። ካልራሰ ገበርህ ጤነኛ ነው።

የላዩንም ጨርቅ እየው። ጠብታው ይንከባለላል ወይስ ይሰርጋል? ከሰረገ፣ ክርንና ጀርባ ላይ ያሉትን የምት መከላከያ ፓዶች አውጥተህ ለስለስ ባለ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው። ማለስለሻ የሚባል ነገር እንዳታስጠጋው። ሲደርቅ ውሃ የሚያንከባልል ስፕሬይ ንፋበት።

መልስ፦ ቁር ጠሉ
ብርዱን አትናቁት። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ የተገለጠ ቆዳህ የሚሰማው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተራራ ስትወጣም በየ1000 ሜትሩ በግምት 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ የሙቀት ገበሩን አቀበቱ ሥር ሳለህ አስገባው። መንቀጥቀጥ ከጀመርክ በኋላ ማሞቅ ከባድ ነው። ከውስጥ ደግሞ ጥጥ አትልበስ፤ ላቡን ይዞ ይቀራል። ስስ የሱፍ ካናቴራ ይሻላል።

በላብ የተቀቀልከው ውሃ መከላከያው ገበር ውስጡ እንዳለ ይመስለኛል። እሱ ካለ የደረቱን ዚፕ ብትከፍተውም አየሩ አንተ ጋ አይደርስም። አውጣው፣ የጀርባውንም ዚፕ ክፈት። መውጫ ከሌለው ጃኬቱ እንደ ፊኛ ይነፋል እንጂ አያቀዘቅዝም።

መልስ፦ ክርኔ ምስክር
ሁላችሁም ስለ ዝናብ ነው የምታወሩት። ሁለቱንም ገበር ስታወጣ ጃኬቱ ይሰፋል አይደል? ያኔ የክርኑ ፓድ ይዞራል። እኔ ስወድቅ ፓዱ ክርኔ ላይ አልነበረም፣ ጎኑ ላይ ነበር። ገበር ባወጣህ ቁጥር የክንዱንና የወገቡን ማሰሪያ ጠበቅ አድርግ። ፓዱ ላይ ኢኤን 1621-1 የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ የአውሮፓ የምት መከላከያ መለኪያ ነው። ደረጃ 2 ከደረጃ 1 የተሻለ ምት ይውጣል፦ የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ ከ20 ኪሎ ኒውተን አይበልጥም፣ የደረጃ 1 ጣሪያ 35 ነው። ጀርባው ላይ ስፖንጅ ብቻ ካለ እሱን ቀይረው። የጃኬቱ የራሱ ደረጃ ደግሞ ኢኤን 17092 በሚለው ሥር ይጻፋል፤ ኤኤኤ ከሁሉ ጠንካራው ነው።

ጠያቂው፦ ረጅም መንገድ
መርፌና ክር፣ እጅሽ ይባረክ! ሶፍቱ ደረቅ ነው። ሹራቤን ለብሼ ሳየው እጅጌው አራት ጣት ያህል ከገበሩ ወጥቷል። ጃኬቱን በከንቱ አማሁት። የጀርባው ፓድም እንደተባለው ተራ ስፖንጅ ሆኖ ተገኘ፣ እሱን እቀይራለሁ። ዝናብ ያየ፣ የዝናብ ልብሱን ስንት ቁጥር ልግዛ?

መልስ፦ ዝናብ ያየ
ቁጥሩን እርሳው። ጃኬቱን ከነገበሩ ለብሰህ፣ ሞተር ላይ ተቀምጠህ፣ መሪ ይዘህ ለካው። ቆመህ ልክህ የሆነው ስትቀመጥ እጅጌውም እግሩም ያጥራል። የሱሪውን ጫፍ ደግሞ ከማርሚታው አርቀህ እሰረው። የእኔ ሱሪ ቀኝ እግሩ ቀልጦ እዚያው ተጣብቆ ቀርቷል፣ እስካሁን ፍቄ አልጨረስኩትም።