ታብሌት ልግዛ ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ? ለእናት፣ ለተማሪና ለደብዳቤ

የአራት_ኪሎዋ

ሰላም ለቤቱ። አንድ ዕቃ ለሦስት ሰው ነው የምፈልገው። እናቴ ውጭ ካሉት ልጆቿ ጋር በቴሌግራም ቪዲዮ ታወራበታለች፣ ስብከትና መዝሙር ትከፍትበታለች። ታናሽ ወንድሜ 11ኛ ክፍል ነው፤ መጻሕፍቱን በፒዲኤፍ ነው የሚያነበው። እኔ ደግሞ አልፎ አልፎ የአማርኛ ደብዳቤና ትንሽ ኤክሴል እሠራበታለሁ።

ፒያሳና መርካቶ የጠየቅኋቸው ሻጮች ሦስት ነገር አሳይተውኛል፦ “12 ራም፣ 512 ጊጋ” የተጻፈበት ስሙን የማላውቀው ባለ 10 ኢንች፣ ሳምሰንግ ታብ ኤ9 ፕላስ፣ እና ያገለገለ አይፓድ 9። ታብሌት ለሦስታችን ይበቃል ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል? ሲም የሚወስደውን ልውሰድ ወይስ ዋይፋይ ብቻ? ባንኮኒው ላይ ቆሜ ምን ምን ልፈትሽ?

ፊደል_ቆጣሪ

ለእናትሽና ለወንድምሽ ታብሌት ይሆናል፤ ላንቺ ደብዳቤ ግን ያንገላታሻል።

ከወንድምሽ ልጀምር። የኤ4 ገጽ ወርዱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 11 ኢንቹን ታብ ኤ9 ፕላስ አቁመሽ ስትይዢው የስክሪኑ ወርድ 148 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገጹ ወደ 70 ፐርሰንት ይጠባል ማለት ነው፤ በ12 የተጻፈው ፊደል 8 ተኩል ሆኖ ይታያል። አይፓድ 9 በኢንች ቢያንስም (10.2) ስክሪኑ 4 ለ 3 ስለሆነ ሰፋ ይላል፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ፕላስ የሌለው ታብ ኤ9 ግን 8.7 ኢንች ነው፣ ወርዱ 113 ሚሊ ሜትር፤ ያው ፊደል ወደ 6 ተኩል ይወርዳል።

እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይለያል። የ“ሉ” ቅጥያ ወገቡ ላይ ነች፣ የ“ሊ” ደግሞ እግሩ ሥር። 6 ተኩል ላይ ሁለቱን የምትለየው ያቺ ጭረት ነጥብ ታክላለች፤ አንባቢው በግምት ነው የሚያልፈው። የላቲን ፊደል በዚያ መጠን አሁንም ይነበባል። ስለዚህ “ለማንበብ 8 ኢንች በቂ ነው” የሚለውን የፈረንጅ ምክር ለኛ ፒዲኤፍ አትውሰጂው። በታክሲና በባቡር ለመያዝ 8.7 ይመቻል፣ አልክድም፤ ግን በየመስመሩ እያሰፉና እየጎተቱ የሚነበብ መጽሐፍ ከሁለተኛው ምዕራፍ አያልፍም።

የስክሪኑ ጥራትም ይታይ። አይፓድ 9 በኢንች 264 ነጥብ አለው፣ ታብ ኤ9 ፕላስ 206 ገደማ። 1280 በ800 የሆነ ባለ 10.1 ኢንች ግን 149 ብቻ ነው፤ በስካን የተገለበጠ የድሮ መጽሐፍ እሱ ላይ ጭቃ ይሆናል።

አሁን ወዳንቺ። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ፎንት ነው። ከዩኒኮድ (ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ዎርድ ፋይል ታብሌት ላይ ስትከፍቺው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ታብሌቱ ላይ ስለሌለ ነው። ላኪው ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ቢልክልሽ በትክክል ታነቢዋለሽ፤ ግን ውስጡ ቃል መፈለግም ሆነ ኮፒ ማድረግ አይቻልም። በኒያላ (በዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት) የተጻፈው ይነበባል፤ ታብሌቱ በራሱ ፎንት ስለሚተካው ግን መስመሩ ይገፋና ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ያንን ሳታዪ አስተካክለሽ ብትልኪ ተቀባዩ ጋ ሌላ ነገር ሆኖ ይደርሳል።

ሁለተኛው ማይክሮሶፍት ነው። የሞባይሉ ዎርድና ኤክሴል በነጻ ማረም የሚፈቅዱት እስከ 10.1 ኢንች ስክሪን ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማየት ብቻ ነው፤ ለማረም ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። ሁለቱም አማራጮችሽ ከ10.1 ያልፋሉ፣ አይፓዱ በአንዲት ነጥብ! የውጭ ካርድ ከሌለሽ ጎግል ዶክስና ሺትስ ተጠቀሚ።

ደብዳቤው በወር አንዴ ከሆነ ጂቦርድ (የጎግል ኪቦርድ) ላይ አማርኛ ጨምረሽ ማይክራፎኑን ነክተሽ ተናገሪው። አማርኛ ይሰማል፤ ስምና ቁጥር ላይ ስለሚሳሳት አርሚው። ለእናትሽም ከመጻፍ ያ ይቀላታል። የብሉቱዝ ኪቦርድ የምትገዢ ከሆነ ግን እዚያው ሱቅ አገናኝተሽ “ሰላም” ብለሽ ጻፊበት። ስክሪኑ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ በውጭ ኪቦርድ አይጽፍም።

ለገሃር21

“12 ራም፣ 512 ጊጋ” የሚለውን ተይው። እንዲህ ካለው ካርቶን ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው 4 እውነተኛ ራም ነው፤ 8ቱ ከማከማቻው ተቆርጦ የተደመረ ነው፣ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይወዳደርም። 512ቱ ይብሳል። ሴቲንግ ገብተሽ ብታዪውም 512 ሊልሽ ይችላል፤ ቁጥሩ ሶፍትዌሩ ላይ የተጻፈ እንጂ የተለካ አይደለም።

መለካት ከፈለግሽ 3 ጊጋ የሚሆን ቪዲዮ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ከ4 ጊጋ አይብለጥ፤ ፋት32 ፎርማት የሆነ ፍላሽ ከዚያ በላይ ፋይል አይቀበልም። በኦቲጂ (ፍላሽን ከታብሌት በሚያገናኘው ማያያዣ) ሰክተሽ ወደ ታብሌቱ አስገቢና ደጋግመሽ ኮፒ አድርጊው። ቺፑ በእውነት 32 ከሆነ ከጥቂት ኮፒ በኋላ ይቆማል፤ ወይም ያለቀ መስሎ የመጨረሻው ቪዲዮ አይከፈትም። ሻጩ “ይሄን ሁሉ ሰዓት አልጠብቅም” ካለ ደረሰኙ ላይ የማከማቻውን መጠን አስጽፊ። እሱንም እምቢ ካለ መልሱን አገኘሽ።

ታብ ኤ9 ፕላስ 64 ወይም 128 ጊጋ ነው፣ ሚሞሪ ካርድም ይወስዳል። አይፓዱ ካርድ አይወስድም። እና ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ቦታ የሚበላው እሱ ነው፦ ሴቲንግ፣ ዳታና ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብተሽ ሚዲያው ከሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ አድርጊው። ወንድምሽ መጻሕፍቱን አስቀድሞ ወደ ዳውንሎድስ ፎልደር ያስቀምጣቸው፤ አለዚያ አብረው ይጸዳሉ።

ጥገና_ፒያሳ

ያገለገለ ለሚገዛ፣ በተለይ አይፓድ። በቅደም ተከተል፦

መጀመሪያ ዕቃው ተከፍቶ ሲሰጥሽ አትደሰቺ። መቆለፊያው የሚታየው ከተደመሰሰ በኋላ ነው። ሻጩ ራሱ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ ትራንስፈር ኦር ሪሴት ገብቶ ሙሉ በሙሉ ይደምስሰው። ከዚያ በስልክሽ ሆትስፖት አገናኝተሽ እስከ መጨረሻው አስጀምሪው። ያለ ኢንተርኔት ካስጀመርሽው የሚደበቅ ነገር አለ። የሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ከጠየቀ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ላይ ነው። “ሪሞት ማኔጅመንት” የሚል ገጽ ከመጣ ደግሞ የውጭ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ንብረት ሆኖ የተመዘገበ ነው። ያንን “በሶፍትዌር እናልፈዋለን” የሚልሽ ሰው ቢያልፈውም በሚቀጥለው ድምሰሳ ይመለሳል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከመጣ አስቀምጪና ውጪ፤ ዋጋ አትከራከሪ። አንድሮይድም ያው ነው፣ ከተደመሰሰ በኋላ የድሮውን የጎግል አካውንት ሊጠይቅ ይችላል።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት። የሞዴል ቁጥሩ በኤም ከጀመረ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፣ በኤፍ ከጀመረ ታድሶ የተሸጠ፣ በኤን ከጀመረ በተበላሸ ምትክ የተሰጠ። ኤፍና ኤን መጥፎ አይደሉም፤ “ካርቶኑ ዛሬ ነው የተከፈተ” እያለ ለሚምል ሻጭ ግን ጥሩ መልስ ናቸው።

ንክኪውን ለመፈተሽ አንድ የአፕ ምልክት ተጭነሽ ያዢና ጣትሽን ሳታነሺ ስክሪኑን ሁሉ እንደ እርሻ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስሽ ጎትቺው። ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ ከጣትሽ ከወደቀ እዚያ ጋ መስመሩ ሞቷል። ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ነው፣ በተለይ መስታወቱ ከተቀየረ።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ ታች አድርገሽ ባንኮኒው መስታወት ላይ አስተኚውና ጥግ ጥጉን በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ። እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ ወይም ከተወዛወዘ ባትሪው አብጧል፤ ውስጡ ስክሪኑን እየገፋ ነው። በዚያ ላይ ቻርጅ ማድረግ አደጋ አለው፣ በርካሽም አትውሰጂው።

ቻርጀሩን ሰክተሽ ገመዱን ቀስ ብለሽ ነቅንቂው። የቻርጅ ምልክቱ ከጠፋና ከመጣ ሶኬቱ ነው። አንዳንዴ አቧራና ክር ብቻ ሞልቶት ነው፤ በእንጨት ስንጥር ይወጣል፣ በመርፌ ግን አይሞከርም።

ዕድሜም እይ። አይፓድ 9 የ2021 ነው፣ ገና ይሠራል። የ2013ቱ አይፓድ ኤር ግን አይኦኤስ 12 ላይ ቆሟል፣ አይፓድ ኤር 2 እና ሚኒ 4 ደግሞ 15 ላይ። መልካቸው ቢያምርም አዳዲስ አፖች አይጫኑባቸውም።

የአራት_ኪሎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ባለ 512ቱን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ቀን ቀን ብቻዋን ናት፣ እኔ ስወጣ ሆትስፖቴም አብሮኝ ይወጣል። ሲሙን ታብሌቱ ላይ ባደርግላት ቴሌብርም ትጠቀምበታለች? ሌላው መብራት ነው።

ባለ_ሲም

አይፓድ ሲም ቢወስድም መደወያ የለውም። *127# ብለሽ ቴሌብር መክፈት፣ *804# ብለሽ ቀሪ ሂሳብ ማየት አይቻልም፤ ተራ ኤስኤምኤስም አይቀበልም። ስለዚህ አፑ በቴክስት የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር አይደርሳትም። ለኢንተርኔት ብቻ ነው። የእናትሽ የቴሌብር ሲም ስልኳ ላይ ይቆይ፤ ታብሌቱ ውስጥ ሌላ የዳታ ሲም ክተቺ።

ታብ ኤ9 ፕላስ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፣ ዋይፋይ ብቻና 5ጂ። 5ጂ የሚለውን ብትገዢም ከየት አገር እንደመጣ ስለሚለያይ ሱቁ ውስጥ ሲምሽን ክተሽ *804# ደውዪ። መልስ ከመጣ መደወያው ይሠራል፣ ሲሙም ተቀባይነት አግኝቷል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ለአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል ይሄን ሙከራ አትዝለይ። *#06# ብለሽ የሚመጣውን አይኤምኢአይም (የዕቃውን መለያ ቁጥር) ከካርቶኑ ጋር አስተያዪ።

ለገሃር21

መብራትን በተመለከተ ታብሌት ላፕቶፕን ያስከነዳል። የታብ ኤ9 ፕላስ ባትሪ 7,040 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፣ ወደ 27 ዋት ሰዓት። ባለ 20,000 ፓወር ባንክ ላዩ ላይ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ 45 ገደማ ይሰጣል፣ ታብሌቱን አንድ ጊዜ ተኩል ይሞላል። ላፕቶፕ በዚህ ዓይነት ተራ ፓወር ባንክ አይሞላም።

ቻርጀሩ ላይ አትቆጥቢ። 15 ዋት ይቀበላል። ለስልክ የሚሸጠው ባለ 5 ቮልት 1 አምፒር 5 ዋት ብቻ ስለሆነ ባዶውን ለመሙላት 7 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ እናትሽ እያየችበት ከሆነ ጭራሽ ይወርዳል። “ባትሪው ሞተ” ተብሎ ለጥገና የሚመጣው ብዙው ይሄ ነው።

መብራት ሲሄድ ንቀይው። የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው፤ ተራ ዲቫይደር እሱን አያቆምም። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ሰኪው።

ፊደል_ቆጣሪ

ላፕቶፕ ወደ ማየት ከተመለስሽ አንድ ቁጥር ያዢ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ (በፈረንጅ ጥቅምት 14, 2025) አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። አይ5-8250ዩ ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው 8 ናት ትውልዱ። 6 ወይም 7 ካየሽ ዋጋው ለምን እንደወረደ ገባሽ።

ጥገና_ፒያሳ

አይፓዱን ከመረጥሽ አንድ ልጨምር። በ9ኛው ላይ መስታወቱና ኤልሲዲው ለየብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ሲሰበር መስታወቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ታብ ኤ9 ፕላስ ላይ ግን አንድ ላይ ነው የሚቀየረው። የክቧ ቁልፍ ጉዳይ ግን አለ፦ አሻራ የምታነበው ያቺ ቁልፍ ከቦርዱ ጋር የተጣመረች ናት። ጠጋኙ የድሮውን ቁልፍ ከተሰበረው መስታወት ነቅሎ አዲሱ ላይ ማዞር አለበት። ቁልፍ ተለጥፎበት የመጣውን መስታወት እንዳለ ከገጠመው አሻራው አይመለስም። የሚገዛው አይፓድ ላይም በዚሁ ይታወቃል፤ ሱቁ ውስጥ አሻራሽን መዝግቢ፣ ካልተመዘገበ ስክሪኑ ከዚህ በፊት ተከፍቷል ብለሽ ጠርጥሪና ዋጋውን አስወርጂ።